በሸክላ ሆድ የተጻፈ

የመጀመሪያው ጡጫ ኤልጉጃን ያገኘው ዳቦ እያኘከ ሳለ ነው። ሁለተኛው ሲደርስ አፉ ውስጥ ዳቦ የለም፤ ሦስተኛው ሲደርስ ኤልጉጃ ራሱ አግዳሚው ላይ የለም። ከኋላው የተደረደረው የወይን ቅርጫት ተቀበለው፣ ቅርጫቱ ተገለበጠ፣ ነጩ ወይን ዘለላ በዘለላ እላዩ ላይ ወረደ። የካክሊያኒ መንደር ወይን ለቃሚዎች በኋላ ሲያወሩት የጉራም ጡጫ ንፋሱ ብቻ ሁለት ዶሮ ጣለ ይላሉ። ውሸት ነው። ዶሮዎቹ ቀድመው የታረዱ ነበሩ።

«ተነስ!» አለ ጉራም። በቀኝ እጁ ይማታል፣ በግራው የተሰበረ የሸክላ ቱቦ ይዟል። «ተነስና የጻፍከውን ራስህ አንብበው! ወይስ እኔ ልድገመው?»

«አንተ ተወው» አለ ኤልጉጃ ከወይኑ ክምር ውስጥ፣ ደም እየተፋ። «ስታነብ እንደ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ተንተባተብክ።»

አራተኛው ጡጫ የመጣው ለዚህ መልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአላዛኒ ወንዝ ወዲህ ያለው ተዳፋት ሁሉ ወይን ነው፤ ወይኑም የጉራም አባት የባቶኖ ቫርላም ነው፤ ባቶኖ በአገሩ «ጌታዬ» እንደማለት ነው። ባቶኖ ቫርላም ከሃያ ዓመት በፊት ከኤልጉጃ አባት ከሸክላ ሠሪው ከኦኒሲሜ አንድ ጋን ገዙ፤ ሰው ቆሞ የሚገባበት፣ እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ የሚቀበር ጋን። ጋኑ ተሰነጠቀ። የዓመቱን ወይን አፈር ጠጣው። ኮረብታው አንድ ወር ሰክሮ ከረመ፣ ፍልፈሎች እየዘፈኑ ከጉድጓድ ወጡ ይባላል። ባቶኖ ቫርላም ግን አልሳቁም። «ከኦኒሲሜ ቤት የወጣ ሸክላ ወይኔን አይነካም፤ ከኦኒሲሜ ቤት የወጣ እግር ደጄን አይረግጥም» ብለው ማሉ። ኦኒሲሜ እስኪሞት ድረስም ሰላምታውን አልተቀበሉትም።

በዚህ መሐላ ላይ ማክቫላ መጣችበት። የባቶኖ ቫርላም ልጅ፣ የጉራም ታናሽ እህት፣ ትብሊሲ ተምራ አርክቴክት ሆና የተመለሰች። ጉራም ይፈልግ የነበረው ከብረትና ከመስታወት የተሠራ፣ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት የሚያጓራ የወይን መጥመቂያ ነው። እሷ ግን አባቷን «ኮረብታው ራሱ ማቀዝቀዣ ነው፣ ምን ሌላ ያሻናል?» አለቻቸውና ኮረብታውን ቆርሳ ቤቱን ሆዱ ውስጥ ከተተችው። ግድግዳው የተጠቀጠቀ አፈር ነው፤ ላም በቁመቷ ብትጋደምበት የሚተርፈው ጅራቷ ብቻ ነው። ጣሪያው ሣር ነው፤ የቄሱ ፍየል ሁለት ጊዜ ግጣዋለች። ከገደሉ ጥላ የሚነሣው ንፋስ ከመሬት በታች በአርባ ሦስት የሸክላ ቱቦ ያልፋል፣ እዚያው ይቀዘቅዛል፣ በወለሉ ይገባል፤ የወይኑን ከባድ ትንፋሽ ገፍቶ በጣሪያው ጭስ ማውጫ ያስወጣዋል። ማሽን የለ፣ ጩኸት የለ። ውጪ ድንጋይ በፀሐይ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሹራብ ያስለብሳል።

ለዚያ ቱቦ የሚሆነውን ሸክላ የሚያውቅ ደግሞ በጆርጂያ ምድር አንድ ቤት ብቻ ነው። ማክቫላ በጓሮ በኩል ዞራ ኤልጉጃ ዘንድ ሄደች፤ ለአባቷ ግን «ቱቦውን ከኢሜሬቲ አገር ነው ያስመጣሁት» አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ስዕሏን ይዛ ትመጣለች፣ ትለካለች፣ ትሄዳለች። ኤልጉጃ አገር የሚያስቅ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ቢገባ ሬሳው ፈገግ አለ የሚባልለት። እሷ ስትመጣ ግን ምላሱ ይታሰራል። ስትሄድ ሚስማር ያነሣና እርጥቡ ቱቦ ውስጥ ክንዱን ሰዶ ይጽፍላታል። ከዚያ ቱቦው ወደ እሳት፣ ከእሳት ወደ መሬት። ማንም አያነበውም። ድፍረቱም የመጣው ከዚያ ነው።

ዛሬ ግን ወይን የጫነ መኪና ከመንገድ ስቶ የቦዩን ጠርዝ ሲረግጥ አንዱ ቱቦ ተሰበረ፤ ስባሪውን ያነሣው ጉራም ሆነ። ኤልጉጃም ማክቫላን ከሩቅ ለማየት ብሎ፣ ባርኔጣውን አፍንጫው ድረስ ደፍቶ፣ «ቶማ ነኝ፣ ከወንዝ ማዶ» ብሎ ከለቃሚዎች ጋር ምሳ ቀርቦ ነበር። ከገበታው ራስ ባቶኖ ቫርላምና ማክቫላ ተቀምጠዋል። ጉራም የቀንድ ዋንጫውን አነሣና ለጤና እንደሚመርቅ ሰው ቆሞ አነበበ፦

«‹ማክቫላ፣ ዛሬ ስትለኪ የአንዱ እግር ጫማሽ ክር ቀይ፣ የሌላው ጥቁር ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ኤልጉጃ።›»

አርባ ለቃሚ በሳቅ ፈነዳ። ያልሳቀው አንድ ቶማ ብቻ ነበር፤ ጉራም ያወቀውም በዚህ ነው።

ኤልጉጃ ደግሞ ዝም ብሎ የሚመታ ሰው አይደለም። ጭቃ ሲያቦካ ያደገ ክንድ አለው። ጉራምን ወገቡን ታቅፎ እንደ ጭቃ አነሣው፣ እንደ ጭቃም ገበታው ላይ ጣለው። ጠረጴዛው ለሁለት ተከፈለ። አይቡ፣ የሥጋ ጥብሱ፣ ማሰሮው ሁሉ መሬት ሆነ። ጉራም ከፍርስራሹ ውስጥ የወይን መቁረጫ ቢላዋ ይዞ ተነሣ፤ ኤልጉጃ ግንባሩን አፍንጫው ላይ አሳረፈበት፤ የሆነ ነገር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ፤ ቢላዋውም የኤልጉጃን ትከሻ ሸርክቶ ወደቀ። ከዚያ ሦስት ሰው ተረባርቦ የኤልጉጃን እጅ ጠመዘዘ።

«በቃ!» አሉ ባቶኖ ቫርላም። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ግን ዝንቡም የቆመ መሰለ። «ቶማ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«አዎ ባቶኖ።»

«የኦኒሲሜ ልጅስ?»

«እሱም እኔው ነኝ።»

«ሁለት ሰው ሆነህ ነዋ ገበታዬን የበላኸው።» ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ወደ ሴት ልጃቸው ዞሩ። «ቱቦው ከኢሜሬቲ ነው ያልሽኝ።»

«ዋሸሁህ አባዬ» አለች ማክቫላ። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «ሌላ ሸክላ አይሆንም ነበር።»

«ጉራም፣ ቆፍረህ አውጣው። አንድም እንዳይቀር።»

«አባዬ! ስምንቱም ጋን እየፈላ ነው እኮ! ቤቱ የሚተነፍሰው በሱ ነው። ለቀማው እስኪያልፍ እንኳ—»

«መሐላዬን ስታፈርሺ ለቀማው ይለፍ አላልሽም።»

ጉራም የሚደማ አፍንጫውን በክንዱ ጠርጎ ትልቁን መዶሻ ሊያመጣ ሄደ። ማክቫላ ወንድሟን አልተከተለችም። ሦስት ሰው የያዘው ኤልጉጃ ፊት መጥታ ቆመች። እሱ ቁጣ ጠብቆ ነበር፣ ቢበዛ እንባ። ያየው ግን ሁለቱንም አይደለም።

«በስንቱ ላይ ነው የጻፍከው?»

«በአርባ ሦስቱም።»

«ለማን?»

«ላንቺ ነዋ።»

«እኔ የመሬት ትል ነኝ?» አለችው። «ከጉድጓድ ውስጥ የማነብ?»

ጉራም ያሳረፈበትን ጡጫ ሁሉ ደርበው ቢመቱት ኖሮ ይሻለው ነበር።

*

ሦስቱ ሰዎች ኤልጉጃን እንደ ቆሻሻ ውሃ ከአጥሩ በላይ ደፉት። እሾሁ ውስጥ ተንከባሎ ከገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ባርኔጣው ግን ወዲያ ማዶ ዘሎ አንዲት አህያ ራስ ላይ አረፈ የሚሉ አሉ፤ አህያዋም ከዚያ ወዲህ ቶማ ትባላለች።

ከምንጩ ፊቱን ሊታጠብ ሲጎነበስ ከኮረብታው ላይ ዷ! የሚል ድምፅ መጣ። ጉራም ቦዩን እየቆፈረ፣ ቱቦውን እያወጣ እየሰበረ ነው። ዷ! ኤልጉጃ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ይሄኛው፣ በረዶ የወይኑን ቅጠል የቀጠቀጠ ዕለት የጻፈው ነው። ዷ! ይሄ ደግሞ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ እየፈለገች የዞረችበት ቀን። ዷ! ይሄ ስለ አባቱ ሞት ነው፤ እሷ ብቻ ናት ከዚያ ግቢ ልቅሶ የደረሰችው። እያንዳንዱ ሲሰበር አንድ ጥርሱ የሚነቀል መሰለው። ጥርስስ ሠላሳ ሁለት ነው።

የድንጋይ መንሸራተት ሰማ። ማክቫላ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርዳ መጣች። ቀሚሷ እሾህ ቀዶታል። በእጇ የሸክላ ስባሪ ይዛለች፤ ገና ሳትደርስ ወረወረችበት። ጎንበስ ባይል ግንባሩን ታገኘው ነበር።

«ይሄ የትኛው ነው?» አለች እያለከለከች።

አንስቶ አየው። «ስለ እርሳስሽ ነው።»

«እርሳሴ ምን ሆነ?»

«ጆሮሽ ላይ ነበር።»

«እና አልነገርከኝም?! እንደ እብድ አንድ ሰዓት ስፈልግ አልነበረም?»

«እንዳትሄጂ ብዬ ነው።»

አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ንዴቱ እንደገና ገነፈለባት። «ሁለት ዓመት! ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል ስል ኖርኩ። አገሩ ሁሉ ‹ኤልጉጃ እንዲህ አለ፣ ኤልጉጃ እንዲያ አለ› እያለ ይስቃል፤ እኔ ስመጣ ድንጋይ ትሆናለህ። ንቆኛል አልኩ። የጠላቱ ልጅ ነኝ፣ ለሥራው ብቻ ነው የሚያስጠጋኝ አልኩ። ታውቃለህ? እያንዳንዱን ቱቦ ከመቅበሬ በፊት ክንዴን አስገብቼ ዳስሼዋለሁ። ውስጡ ሻካራ ነበር! ይሄ ሰውዬ ሥራ አይችልም፣ ሻካራ ቱቦ አየር ያዘገያል ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁ!»

«ሻካራው እኔ ነበርኩ» አለ ኤልጉጃ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ! አሁን አውቃለሁ! ወንድሜ አርባ ሰው ፊት እያላገጠ አነበበልኝ። ስንት ጊዜ በጣቴ ነካሁት፣ እና የሰማሁት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። ይሄ ፍቅር ነው? ይሄ ሌብነት ነው እንጂ። እኔን ከራሴ የሰረቀ ሌባ!»

ደረቱን በሁለት እጇ ገፋችው፤ እንደገና ገፋችው። ሦስተኛውን ስትገፋ እጇ እዚያው ቀረ። ኤልጉጃ የልቡ ምት በመዳፏ በኩል እንደሚሰማት አውቆ አፈረ፤ አፍሮም አልሸሸም። ሊናገር አፉን ከፈተ። አሁን ሊነግራት ነበር።

«ዝም በል» አለች በድንገት።

«ምንም አላልኩም እኮ።»

«መዶሻው ቆሟል።»

እውነት ነው፤ ኮረብታው ጸጥ ብሏል።

«ጨርሶ ይሆናላ» አለ ኤልጉጃ።

«አልጨረሰም። የመጨረሻው ቱቦ ከውስጥ ነው ያለው፤ ጋኖቹ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ።» ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሁሉ የት እንደገባ አይታወቅም። «አባዬ ‹አንድም እንዳይቀር› አላለም? ጉራምን ታውቀዋለህ። ስምንት ጋን እየፈላ፣ መግቢያው ተደፍኖ... ኤልጉጃ፣ ያ ቤት እስትንፋሱ ተቆርጧል። ወንድሜ ውስጡ ገብቷል።»

ሽቅብ ሮጡ። ማን ማንን እንደሚጎትት አያስታውሱም። የእሷ ፍርሃት በእጇ በኩል ወደ እሱ ይገባ ነበር፤ እሱም የደበደበው ሰው ሳይሆን የራሱ ወንድም የጠፋበት ያህል ሮጠ።

*

በዚያ አገር ወይን ሲፈላ ወደ ጋን ቤት የሚወርድ ሰው ሻማ አብርቶ በጉልበቱ ልክ ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ሻማው ከጠፋ ወደ ኋላ ነው። ፍላቱ የሚተፋው ክፉ አየር አይሸትም፣ አይታይም፤ እንደ ውሃ ከታች ይተኛል፣ የገባበትን ሰው ያስተኛል። ሕፃኑም ሽማግሌውም ይህን ያውቃል። ማክቫላ ያን ቤት ከሠራች ወዲህ ግን ሻማው አንድ ቀንም ጠፍቶ አያውቅም። ንፋሱ ያንን ክፉ አየር ጠርጎ ያስወጣላቸዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰዉ ሻማውን ተወው። ጉራምም መዶሻውን ደጃፉ ላይ ጥሎ፣ ከውስጥ ያለውን ቱቦ ነቅሎ ለማውጣት በባዶ እጁ ወረደ።

ሲደርሱ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የለቃሚዎቹ አለቃ ጎደርዚ ሻማውን በእንጨት ጫፍ አስሮ ወደ ውስጥ ዝቅ አደረገው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበልባሉ ማንም እፍ ሳይለው ድርግም አለ። ከታች፣ በጋኖቹ አፍ መሃል፣ የጉራም ጀርባ ይታያል። በግንባሩ ተደፍቷል።

ባቶኖ ቫርላም ሊገቡ ዘለሉ። አራት ሰው ያዛቸው።

«ልቀቁኝ! ልጄ ነው! እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ እኔ ነኝ!» አንዱን ክንዱን ነከሱት፤ ሌላውን በክርናቸው ሆዱን አሉት። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ አራቱ ጎረምሶች ግን በማግስቱ አልጋ ላይ ነበሩ።

ጎደርዚ ፎጣ ወይን ውስጥ ነክሮ አፉ ላይ ሊያስር ጀመረ። ማክቫላ ከእጁ መነጨቀችው።

«ይሄ ሊያስገንዝህ ካልሆነ አያድንህም! ስሙኝ! ያ አየር ከባድ ነው፤ ወደ ታች ነው የሚሄደው። በገደሉ በኩል ያለውን ግድግዳ ስበሩለት፣ ይፈስሳል!»

«ግድግዳሽን?» አለ ጎደርዚ። «ያ ሁሉ የለፋሽበትን? ደግሞስ ላም የሚያስተኛ ውፍረት—»

«ጋን አጣቢዎች እንዲቀመጡበት ከውስጥ የቦረቦርኩት ቦታ አለ። እዚያ ጋ ክንድ ብቻ ነው የሚቀረው። ከውጭ የት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ!»

ጉራም የጣለውን መዶሻ አነሣች። የአንድ ሰው ሸክም ነው። ኮረብታውን ዞራ ወርዳ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እንደ ሕፃን ገላ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ደበደበችው። ዷ! ሁለት ዓመት በንብርብር የተረገጠ አፈር ነው። ዷ! እያንዳንዱን ንብርብር በእግሯ ረግጣ ያየችው። ሰዎቹ በዶማ ደረሱላት፤ እሷ ግን መዶሻውን ለማንም አልሰጠችም። በየምቱ የምታለቅሰው ለወንድሟ ይሁን ለግድግዳው የሚለይ አልነበረም።

ኤልጉጃ ከላይ በሩ ላይ ቆሞ ምቱን አዳመጠ። በጊዜ አይደርስም። ግድግዳው ጥሩ ተደርጎ ተሠርቷል፣ ክፋቱ እሱ ነው።

«ገመድ!» አለ።

የቅርጫት ገመድ ወገቡ ላይ አሰሩለት። ጎደርዚ «ቢጮ፣ አንተ ልጅ፣ አትበድ፣ አፍንጫህን የሰበረልህ ሰው እኮ ነው» አለው።

«አፍንጫውን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ታሪክ አታበላሽ» አለና አየሩን እስከ ጉልበቱ ድረስ ስቦ ወረደ።

ደረጃው አሥራ አንድ ነው። በሰባተኛው ጆሮው መጮህ ጀመረ። ጋኖቹ በስምንት አፍ ይንተከተካሉ፣ ሰው የሚያሙ ይመስላሉ። ጉራም ከበሬ ይከብዳል። ገልብጦ ሊሸከመው ሞከረ፣ አልቻለም፤ የተሸረከተው ትከሻው ከዳው። ደረቱ ውስጥ ያለው አየር እሳት ሆነ። ያኔ ሳያስብ አንድ ነገር አደረገ፤ ቢያስብ ኖሮ አያደርገውም ነበር። ገመዱን ከራሱ ወገብ ፈታና በጉራም ብብት ሥር አስሮ ሁለት ጊዜ ነጠቅ አደረገው።

ከላይ ጎተቱ። ጉራም ደረጃውን በጀርባው እየዘለለ ሄደ። ኤልጉጃ ሊከተለው አንድ እግሩን አነሣ፤ እግሩ የሌላ ሰው ሆነበት። ሳይፈልግ ተነፈሰ። የገባው አየር አልነበረም፤ እንደ ኮምጣጤ ጉሮሮውን ጠበሰው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ከዚያ ተጋደመ። ያዘነው ለሞቱ አይደለም። መዳፏ ደረቱ ላይ እያለ ሊላት የነበረው ነገር ሳይወጣ መቅረቱ ነው ያንገበገበው።

ከራሱ በላይ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ብርሃን እንደ ጦር ገባ። ክፉው አየር በቀዳዳው ወደ ገደሉ ፈሰሰ፤ እዚያ ስትግጥ የነበረች የቄሱ ፍየል ለሩብ ሰዓት ያህል ጎኗን ሰጥታ ተኛች፣ ተነሥታም ግጦሿን ቀጠለች። በቀዳዳው የገባ ክንድ አየሩን ዳበሰ፣ አፈሩን ዳበሰ፣ ፀጉር አገኘ፤ ያገኘውንም ጨመደደ። ማክቫላ ኤልጉጃን በፀጉሩ ጎትታ፣ ቆዳውን በፍርስራሹ ላይ እየላጠች፣ እንደ አዋላጅ ወደ ዓለም መለሰችው። ሲያስነጥስ ሰምታ ጮኸች፤ ጩኸቷ ውስጥ ደስታና ቁጣ እኩል ነበሩ።

*

ጉራም ሣሩ ላይ ተዘርግቶ ሆዱን ባዶ እስኪያደርግ አስታወከ። ዓይኑን ሲገልጥ የመጀመሪያ ቃሉ «ማነው ያወጣኝ?» ሆነ። ነገሩት።

«መልሳችሁ ክተቱኝ» አለ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ ሰው እንዳያየው፣ አለቀሰ።

ባቶኖ ቫርላም ቆባቸውን አውልቀው ወደ ኤልጉጃ መጡ። ሰውየው ለጳጳስ እንኳ ቆብ አውልቀው አያውቁም። ፊቱ ቆሙ።

«መሐላዬ ልጄን ሊገድለው ነበር» አሉ። «የኦኒሲሜ ልጅ፣ ሰዉ ሁሉ ይስማኝ፤ የፈለግከውን ጠይቀኝ። በወይኔ ሥር እምላለሁ፣ አልከለክልህም።»

ኤልጉጃ ጉሮሮው እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው። ተነሥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜ አንዴ ነው የሚመጣ አለ በልቡ፤ ድፍረቱን ሁሉ ሰበሰበ፤ ሽማግሌውን ዓይን ዓይናቸውን አየና፦

«ማክቫላን» አላቸው።

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየውም። ከጉራም ጡጫ ሁሉ ይህኛው ከረረ፤ ድምፁ ከገደሉ ማዶ ሄዶ ተመልሶ መጣ።

«ፍየል ነኝ?» አለች ማክቫላ ከላዩ ቆማ። እጆቿ መዶሻው የላጣቸው፣ ደም በደም ናቸው። «በወንድሜ ነፍስ የምመነዘር ፍየል? አርባ ሦስት ጊዜ ለአፈር ተናገርክ። አሁን ደግሞ ለአባቴ። እኔ እዚህ ነኝ! ሁለት ዓመት እዚህ ነኝ!»

«የኔ ልጅ—» አሉ ባቶኖ ቫርላም።

«አንተ ዝም በል አባዬ!»

ዝም አሉ። እንዲህ ያላቸው ሰው ተወልዶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግ ስለማያውቁ ቆባቸውን መልሰው ደፉ፣ እንደገና አወለቁ።

ኤልጉጃ ጉንጩን ይዞ ቀና ብሎ አያት። ቀልድ ፈለገ፤ ሁልጊዜ አንድ የማይጠፋው ሰው ባዶ ሆነ። ሚስማር የለ፣ እርጥብ ጭቃ የለ፣ የሚደበቅበት የቱቦ ሆድ የለ።

«ፈራሁ» አለ።

«ምኑን?»

«‹አይሆንም› ትዪኛለሽ ብዬ።»

«ወንድሜ ቢላዋ ሲመዝብህ ያልፈራህ ሰው? ያን ጉድጓድ የገባህ ሰው?»

«እዚያማ የምሞተው አንዴ ነው» አለ ኤልጉጃ። «አንቺ ‹አይሆንም› ካልሽኝ ግን በየቀኑ ነው።»

ከለቃሚዎቹ አንዲት ሴት አፏን በሻሿ ያዘች። ማክቫላ አልተንቀሳቀሰችም።

«እንግዲህ ተናገረው» አለች። ድምፏ ዝቅ ብሏል። «ለኔ።»

«እወድሻለሁ።»

«አልሰማሁም።»

«እወድሻለሁ ማክቫላ!» ጉሮሮው ተሰነጠቀ፤ ደም ደም አለው።

«አልሰማሁም።»

ሦስተኛውን ሊጮኸው ነበር። አልሆነለትም። ቃሉ ግማሽ መንገድ መጥቶ በእንባ ተበላ፤ የወጣው እንደ ሹክሹክታ ነው፣ ከሁሉም የቀጠነ፣ ከአጠገቡ ያለ ሰው እንኳ ያልለየው። በሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ኤልጉጃ፣ አባቱን ሲቀብር እንኳ ሰው ያሳቀው ኤልጉጃ፣ ፊቱን መሸፈን እንዳለበት ጭምር ረሳ።

ማክቫላ ከፊቱ ተንበረከከች።

«ሰማሁ» አለች።

ያን ጊዜ ብቻ የተላጡት እጆቿ ማቃጠላቸውን አወቀች፤ እንደ ልጅ ዘርግታ አሳየችው፤ ሁለት ዓመት የቆየ ልቅሶ ካለበት ፈንቅሎ ወጣ። ኤልጉጃ ለምን እንደምታለቅስ አልጠየቃትም። እጆቿን በእጆቹ ውስጥ ያዘ፤ እንዳይጫናቸውም እንዳይለቃቸውም እየሰጋ ያዘ፤ ይህን የመሰለ ፍርሃት ካለ ዕድሜ ልኩን ፈሪ ሆኖ ለመኖር ወደደ።